የአሮጌ መኪና አርማ አጠጋገን፦ ኮምቦልቻ ላይ የተደረገ ንግግር

(ጋራዥ ባለቤቶች፣ አንጥረኞች፣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችና የአሮጌ መኪና ባለንብረቶች በተሰበሰቡበት ያደረግሁት ንግግር ነው። ከጥቂት ድግግሞሽ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጋራዥ ባለቤቶችና ባለሙያዎች፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ከደሴ የመጣችሁ አንጥረኞች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ! አሰላሙ ዐለይኩም! የቅዳሜ ሥራችሁን ትታችሁ፣ መዳፍ ስለማትሞላ አንዲት ብረት ለመስማት እዚህ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ ሞተር ወይም ስለ ካምቢዮ እሰማለሁ ብሎ የመጣ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዛሬው ጉዳያችን በኮፈን አፍንጫ ላይ፣ በፓራፋንጎ ጎን ወይም ከኋላ በኩል የሚቀመጠው የመኪና አርማ ነው። አንድ ባለንብረት የአባቱን ሚሌቼንቶ (ፊያት 1100) ሞተሩን አሳድሶ፣ ላሜራውን አስቀጥቅጦ፣ ስቱኮውን አስመትቶ፣ ቀለሙን አስቀብቶ ሲያበቃ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የት ላይ ነው? አርማው ላይ አይደለምን? ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ክሮሙ የተላጠ አርማ በአዲሱ ቀለም ላይ ሲመለስ፣ ወይም ከዚያ በባሰ ሁኔታ በፕላስቲክ ቅጂ ሲተካ፣ ሥራው ተጠናቀቀ ሊባል ይችላልን?

ከሁሉ አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ፤ እስክጨርስም ድረስ ደጋግሜ እለዋለሁ። በእጄ ካለፉት የተበላሹ አርማዎች የሚበዙትን ያበላሻቸው እርጅና አይደለም። ያበላሻቸው የብረቱን ዓይነት ሳይጠይቅ ሊያጸዳቸው የተነሳ እጅ ነው። ብረቱን ሳታውቁ አትንኩት!

አርማ ጌጥ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ደግሞ የአልፋ ሮሜዎን ክብ አርማ ይመልከት። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ድርጅቱ በ1910 ሚላን ላይ ሲቋቋም የከተማይቱን ቀይ መስቀልና ሰው የሚውጠውን እባብ አርማው አደረገ፤ በዙሪያው ባለው ጽሑፍ መካከልም የጣሊያን ነገሥታት የሳቮያ ቤት ምልክት የሆኑ ቋጠሮዎች ገቡ። ጣሊያን በ1946 ንጉሧን አሰናብታ ሪፐብሊክ ስትሆን ቋጠሮዎቹ ወጡና በምትካቸው ሞገድ የሚመስል መስመር ተቀመጠ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ኔፕልስ አጠገብ አዲስ ፋብሪካ ሲሠራ፣ “ሚላኖ” የሚለው ጽሑፍም ቀረ። እንግዲህ ቋጠሮ ያለበትን አርማ ነቅሎ ሞገድ ያለበትን የለጠፈ ሰው መኪናዬን አሳመርኩ ይላል፤ እኔ ግን የመኪናውን የልደት ምስክር ወረቀት ቀደደ እላለሁ።

ደግሞም ይህ ነገር ከመነሻው የእናንተው የብረት ሠሪዎች ነው። የፔጆ አንበሳ በ1858 በሕግ ሲመዘገብ ለመኪና ምልክት አልነበረም፤ ቤተሰቡ ይሠራው ለነበረው መጋዝ ነበር። የሲትሮየን ሁለት የቀስት ጫፎች የተወሰዱት መሥራቹ ከመኪና በፊት ያመርተው ከነበረው የማርሽ ጥርስ ቅርጽ ነው። አንዱ ከመጋዝ፣ ሌላው ከጥርስ! ስለዚህ አርማ ለመጠገን መቀመጥ ለቁም ነገረኛ ባለሙያ የማይመጥን ጥቃቅን ሥራ ነው የሚለኝን አልቀበልም።

ንግግሬን በአራት ከፍዬዋለሁ፤ ብረቱን ስለማወቅ፣ ስለመንቀል፣ ስለማጽዳት እና ስለመጠገን። አራቱ እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይወስዱብናል።

አንደኛ፤ ብረቱን እወቁ። ከፊታችሁ ያለው አርማ ያብለጨልጫል፤ ሁሉም ሰው “ክሮም ነው” ይለዋል። ግን ከክሮሙ ሥር ያለው ምንድን ነው? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት አርማዎች ብዙዎቹ የመዳብ ወይም የነሐስ ሉህ በማተሚያ ተመትቶ፣ ጉድጓዶቹ በኢናሜል፣ ማለትም በእሳት ቀልጦ ከብረቱ ጋር በተዋሐደ ባለ ቀለም ብርጭቆ፣ የተሞሉ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ በብዛት የመጣው ዛማክ የሚባለው የዚንክ ቅይጥ ነው፤ አራት በመቶ ገደማ አሉሚኒየም ይገባበታል፤ ቀልጦ በግፊት ወደ ቅርጹ ይፈስና ከላዩ መዳብ፣ ኒኬልና ክሮም ይነከራል፣ ማለትም በስሱ ይለበጣል። ከዚህ ሌላ የተመታ አሉሚኒየም አለ፤ የማይዝግ ብረት አለ፤ በመጨረሻም ክሮም የተቀባ ፕላስቲክ አለ፤ ስለ እርሱ ዛሬ አልናገርም።

እንዴት ትለያላችሁ? ማግኔት አቅርቡ፤ ተራ ብረት ከሆነ ይያዛል፤ መዳብ፣ ነሐስ፣ ዚንክና አሉሚኒየም ግን አይያዙም። ከዚያ በመዳፋችሁ መዝኑት። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አሉሚኒየም 2.7 ግራም ነው፤ ዚንክ 7 ግራም ገደማ፣ ነሐስ 8.5 ግራም ገደማ ይሆናል። አሉሚኒየምን ከሁለቱ ለመለየት እጅ ብቻውን ይበቃል፤ ዚንክንና ነሐስን ለመለየት ግን ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል። በማይታይ ጥግ ላይ በመርፌ ጫፍ ጫር አድርጉት፤ ቢጫ ወይም ቀይ ከወጣ ነሐስ ወይም መዳብ ነው፤ ግራጫ ከወጣ ዚንክ ነው። ዝገቱም ይናገራል። ቀዩ ዝገት የብረት ነው፤ አረንጓዴው የመዳብና የነሐስ ነው፤ ነጩ ዱቄት የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዚንክ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይዛችሁልኝ ከምትመጡት አርማ የሚበዛው እርሱ ነው። እዚሁ ከተማችን የጣራ ቆርቆሮ ተሠርቶ ይወጣል። በቆርቆሮው ላይ ዚንክ የሚለበጠው ለምንድን ነው? ዝናብና አየር ሲያገኙት ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ስለሚሰጥ ነው፤ ዚንኩ እስካለ ድረስ ብረቱ አይዝግም። በአርማው ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ራሱን የሚሰጠው ዚንክ ከታች ነው፤ የሚጠበቀው ኒኬል ከላይ ነው። በክሮሙና በኒኬሉ ላይ ለዓይን የማይታይ ቀዳዳ ተከፍቶ እርጥበት ሲገባ ዚንኩ ከሥር ተበልቶ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ክሮሙን ወደ ላይ ገፍቶ ያሳብጠዋል። “ብጉር አወጣ” የምንለው ይህንን ነው። እንግዲህ ብጉሩን ከላይ ብታሹት ይድናልን? አይድንም! በሽታው ከሥር ነው።

እርጥበቱ ላይ ጨው ሲጨመር ጉዳዩ ይብሳል። እዚህ የተቀመጣችሁ አንጋፋ ሾፌሮች በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚያደርሰውን መንገድ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በዚያ መስመር ሲመላለሱ የኖሩ መኪኖችን አርማ ከደሴ ወጥተው ከማያውቁ መኪኖች አርማ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አይቻለሁ። የደሴዎቹ በጉም የተነሳ ደብዝዘዋል፤ የአሰቦቹ ግን በመርፌ እንደተወጉ ሁሉ ተቦርቡረዋል። ባሕሩ የሚልከው ጨው ነው። ስለዚህ አርማ ሲመጣላችሁ መኪናው የት ሠርቶ እንደኖረ ጠይቁ፤ ለጨዋታ ሳይሆን ለሥራው።

ሁለተኛ፤ አነቃቀል። አርማ ከፊት ለፊት አይነቀልም። በካቻቪቴ ጫፍ ከሥሩ ገብቶ መፈልቀቅ አርማውንም ቀለሙንም ማበላሸት ነው። ብዙዎቹ አርማዎች ከጀርባቸው ቀጫጭን እግሮች አሏቸው፤ እግሮቹ በላሜራው ቀዳዳ አልፈው ከውስጥ በኩል በትንንሽ ዳዶ ወይም በሚነክስ ቅንጥብ ይያዛሉ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከውስጥ ፈልጓቸው፤ ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ አንጠባጥባችሁ እንዲያድር ተዉት። የዛማክ እግር ሲያረጅ ይሰባበራል፤ አይለመጥም፤ ስለዚህ ጉልበት አታሳዩት። በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ከሆነ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከሥሩ አስገብታችሁ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ከመንቀላችሁ በፊት ግን ፎቶ አንሡት፤ ወረቀትም ደርባችሁ በእርሳስ ፈትጋችሁ ቅርጹን ውሰዱ። እግሩ ቢሰበር ቦታውን የሚነግራችሁ ያ ወረቀት ነው።

ሦስተኛ፤ ማጽዳት። እዚህ ላይ ነው ብዙ አርማ የሚሞተው። በአንድ ጋራዥ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ስሙን አልጠራም። ወጣቱ ሠራተኛ ታታሪ ነበር፤ የዛገ ቡሎንን በባትሪ አሲድ ማጽዳት ተምሯል፤ የተለመደም ነው። ከአንድ የስድሳዎቹ ፊያት የወረደ አርማ ሲሰጠው እርሱንም በዚያው ጣሳ ውስጥ ጨምሮ ምሳውን ሊበላ ወጣ። አሲዱ በብጉሮቹ ቀዳዳ ገብቶ ዚንኩን ሲበላ፣ ፈልቶ አረፋ ሲያወጣ ደረስኩ። ያወጣነው ነገር ስስ የክሮምና የኒኬል ቅርፊት ነበር፤ ውስጡ ባዶ፣ ሲነኩት የሚጎብጥ። ልጁን መውቀስ ይቻላልን? ማንም “ይህ ብረት አይደለም፤ ዚንክ ነው” ብሎ አልነገረውም።

ከቤት የሚመጡ ማጽጃዎችም እንዲሁ ናቸው። አቼቶና ሎሚ ነሐስን ለአፍታ ያጸዳሉ፤ ዚንክን ግን ይበላሉ፤ የድሮ ኢናሜልንም አንጸባራቂነቱን ሊወስዱበት ይችላሉ። በረኪና ለአሉሚኒየምም ለኒኬልም ጠላት ነው። ለተደፈነ ቱቦ የሚጨመረው ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ያቀልጣል። እናቶቻችን የነሐስ ዕቃ የሚያበሩበት አመድስ? አመድ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። ለጌጥ የሚነከረው ክሮም ደግሞ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም! በአመድ፣ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በድስት መፈተጊያ ስትፈትጉት ወዲያው ታልፉትና ኒኬሉ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ኒኬሉ ቢጫ ቢጤ ነው፤ ከዚያ በኋላ “ክሮሙ ወየበ” ትላላችሁ።

ታዲያ በምን እናጽዳ? ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ይኸው ነው። ለጥግ ለጥጉ የቀርከሃ ስንጥር ጨምሩ። ከዚያ በደንብ አድርቁና ሰም ቀቡት። በእኔ ግምት ከሚመጡልኝ አርማዎች ብዙዎቹ ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልጋቸውም፤ ባለቤቶቹ ግን ገንዘብ የሚያስከፍል ሥራ ካልተሠራ አልተሠራም ብለው ያኮርፋሉ። የአሉሚኒየሙን ነገር ደግሞ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ብዙው በኤሌክትሪክ በተፈጠረ ስስ ጠንካራ ንብርብር የተሸፈነ ነው። የብረት ማበሪያ ቅባት አንሥታችሁ ስትወለውሉት ያንን ንብርብር ትገፍፉታላችሁ፤ ለአንድ ሳምንት እንደ መስታወት ያበራል፤ ከዚያ ይጠቁራል።

አራተኛ፤ ጥገና። አጎቴ ደሴ ላይ አንጥረኛ ነበር። ልጅ ሳለሁ ወናፉን የማናፋው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ ሾፌር እግሩ የተሰበረ አርማ ይዞ መጣና “ጋሼ፣ በብር በይድልኝ” አለው። አጎቴ አርማውን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው፤ ጀርባውን በጥፍሩ ጫረው፤ ቀና ብሎም “ልጄ፣ ይህ እሳት አይችልም” አለ። ትምህርት ቤት አልገባም፤ ዛማክ የሚባል ስምም ሰምቶ አያውቅም። ግን ትክክል ነበር። ዛማክ በ380 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፤ አንጥረኛ ብር የሚበይድበት ማጣበቂያ ደግሞ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ማጣበቂያው ሳይቀልጥ አርማው ይፈስ ነበር። አጎቴ የተሰበረውን እግር ሥር በቀጭኑ ሰርስሮ፣ ጥርስ አውጥቶ፣ ቀጭን የነሐስ ዘንግ ጠመዘዘበት። ዛሬም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፤ ብትፈልጉ ኢፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ማጣበቂያ ጠብ አድርጉበት፤ የመሰርሰሪያው ጫፍ ግን ፊቱን እንዳይበሳ ጥልቀቱን በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ይህንን የማነሳው ለናፍቆት አይደለም። የደሴ አንጥረኞች ቀጭን መጋዝ፣ ደቃቅ ሞረድ፣ ትንሽ ሚዛንና የሠለጠነ እጅ አላቸው። የኮምቦልቻ ጋራዦች መኪናውና ደንበኛው አላቸው። በመካከላችን ያለው ሐረጎ ብቻ ነው! የጋራዥ ባለቤቶች፣ እባካችሁ፣ አርማውን ላሜራ ቀጥቃጩ ዘንድ ከመላክ ወደ አንጥረኛው ላኩት። አንጥረኞች ሆይ፣ እናንተም ዚንክን ለመለየት ዛሬውኑ ተማሩ።

ብጉር ያወጣ ዛማክ የሚጠገነው በዚህ መንገድ ነው። በመጀመሪያ አሮጌው ክሮምና ኒኬል በነካሪው፣ ማለትም ክሮም በሚለብጠው ባለሙያ ቤት ይገፈፋል። ከዚያ እያንዳንዱ ጉድጓድ ነጩ ዱቄት ተጠርጎ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ በትንሽ መሰርሰሪያ ይከፈታል፤ አንዲት ቅንጣት ዱቄት ከቀረች በሽታው ይመለሳል። አርማው መዳብ ይነከራል። መዳቡ ላይ ጉድጓዶቹ የራዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት የብየዳ ሽቦ ይሞላሉ፤ እርሱ በ183 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ዛማኩን አይጎዳውም። በሞረድ ይስተካከላል፤ እንደገና መዳብ ይነከራል፤ ይወለወላል፤ ኒኬልና ክሮም ይከተላሉ። አድካሚው የሞረዱ ሥራ ነው፤ የፊደል ጠርዝ ከጠፋ አይመለስምና። “ፊደሉ ክብ ሆነ” የሚባል አርማ አይታችሁ አታውቁም? ያ የችኩል ሞረድ ውጤት ነው።

ለተማሪዎቹ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ክሮም መንከርን በጓሮ በርሜል እሞክራለሁ የሚል ካለ፣ እባክህ ተው! የክሮሙ ውሃ ካንሰር አምጪ ነው፤ ዚንክ ላይ መዳብ ለመጣል በብዛት የሚያገለግለው ውሃ ደግሞ ሳያናይድ አለበት። መከላከያና የፍሳሽ ማስወገጃ ላለው ነካሪ ስጡት። ነካሪ ካላገኛችሁ አርማው ብጉሩን ይዞ፣ ታጥቦ፣ ሰም ተቀብቶ ይቀመጥ። ብጉር ያለው እውነተኛ አርማ አያሳፍርም።

አሁን ወደ ኢናሜል ልምጣ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ሥራ ይህ ነው። ኢናሜል የሚቀልጠው ከ750 እስከ 850 ዲግሪ ነው። ሰማያዊው ብዙ ጊዜ ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከመዳብ ይመጣል፤ ብርጭቆ ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ ድንጋይ ሲመታው ግን ይረግፋል። የረገፈውን ቦታ በአዲስ ኢናሜል ሞልቶ እንደገና እሳት ውስጥ ማስገባት ይቻላልን? በመርህ ደረጃ ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም። ከጀርባው እግሮቹን የያዘው ብየዳ በዚያ ሙቀት ይለቃል፤ በስንጥቁ የገባው የዓመታት ቅባትና እርጥበት ፈልቶ ደህናውን ክፍል ያበላሻል፤ ከኢናሜሉ ሥር ያለው ብረትም ዚንክ የበዛበት ነሐስ ከሆነ አረፋ ያወጣል። ለአንዲት የረገፈች ጥግ ብላችሁ የቀረውን ሁሉ ታጣላችሁ።

ስለዚህ በብርድ እንሞላዋለን። ጉድጓዱን በአልኮል አጥሩ። ጥርት ያለ ኢፖክሲ ውስጥ የቀለም ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ቀለሙን ስታመሳስሉ በመብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን፣ ውጭ ወጥታችሁ አመሳስሉ። የድሮ ሥራ ከሆነ ኢናሜሉ ብርሃን አሳላፊ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ በብረቱ ላይ የተቀረጹት መስመሮች ይታያሉ፤ ያኔ ቀለሙን አታብዙት፤ መስመሮቹ ይታዩ። በአንድ ጊዜ አትሙሉት፤ በስሱ ደርቡ፤ እያንዳንዱ ይድረቅ። ከጠርዙ ጥቂት ከፍ ሲል በውሃ በተነከረ ቁጥር 1000፣ በመጨረሻም ቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ይህ ጥገና ነገ የተሻለ ባለሙያ ቢመጣ ሊወጣ ይችላል፤ እሳቱ ግን አይመለስም።

ብርጭቆ ሳይሆን ተራ ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀላል ነው። ዋናውን ቀለም ከፈለጋችሁ ፀሐይ ያላገኘውን ቦታ፣ ከቅንጥቡ ሥር ወይም ከጠርዙ ጀርባ ፈልጉት፤ ፊት ለፊት ያለው ቀይ የደበዘዘ ቀይ ነው። ቀለሙን በቀጭን ሲሪንጅ ጉድጓዱ ውስጥ አንጠባጥቡ፤ የተረፈውን በእንጨት ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ ጥረጉ።

ስትመልሱት ከሥሩ ስስ ላስቲክ አድርጉ፤ ዚንኩ ከኮፈኑ ብረት ጋር በእርጥበት ሲገናኝ ያው የጣራው ቆርቆሮ ነገር ይጀምራልና። ዳዶውን በጣት ብቻ አጥብቁ። በነገራችን ላይ ሌባ ፈርተን ስፖኪዮ ላይ የታርጋ ቁጥር እንቀርጻለን፤ ተገቢ ነው፤ አንድ ሰው ግን በመርሴዲስ አርማ ፊት ላይ አስቀርጾ አይቻለሁ! ጀርባው ባዶ ነው እኮ፤ እዚያ ቅረጹት።

ማግኔት፣ አጉሊ መነጽርና ትንሽ ሚዛን በዚያ ጠረጴዛ ላይ አሉ። አርማ ይዛችሁ የመጣችሁ ተራ በተራ ቅረቡ፤ ጥያቄያችሁንም እዚያው እመልሳለሁ። ወደ እኔ ከመድረሳችሁ በፊት ግን በመሀረብ እንዳትጠርጉት፤ ነጭ ዱቄት ካለበት ማየት እፈልጋለሁ።